«ያምራል» ለሃያ ስድስት ዓመት

መርፌ ጡረታ ከወጣች አራት ዓመት ሞልቷታል። በእነዚህ አራት ዓመታት ስልኳ በጮኸ ቁጥር ደዋዩ እንዳይሆን የምትፈራው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሐኪም አይደለም፣ የቀድሞ ባሏም አይደለም። አንድ ደቂቃ ነው።

አንድ ደቂቃ የሰው ስም ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ቢሆንም፣ በቴአትር ቤቱ ውስጥ ያንን ስም የሚያውቀው የሠራተኛ መዝገብ ብቻ ነበር። ሰውዬው የመድረክ መብራት ባለሙያ ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ ፓውዛውን አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ ገፋ እያደረገ «አንድ ደቂቃ ብቻ» ካለ፣ ከታች ያለው ሰው ምሳውን ቢረሳው ይሻለዋል። ስሙን ያወጡለት ተዋንያኑ ናቸው። እሱም አይከፋውም፤ «ጋሽ አንድ ደቂቃ» ሲሉት «አቤት» ይላል።

መርፌ ደግሞ የዚያው ቴአትር ቤት ልብስ ሰፊ ነበረች። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ብቻ አይደለም። ቀጭንና አጭር ናት፣ ምላሷም ይወጋል። ለአንዱ ዋና ተዋናይ «ሆድህን መልስና ሱሪህን ውሰድ» ያለችው ነገር ሰውዬው ሥራ ከለቀቀ በኋላ እንኳን ሲወራ ኖሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተነገረ የሴትዮዋ ንዴት አይገባም። የመድረክ መብራት ባዶ መድረክ ላይ አይስተካከልም። ብርሃን የሚያርፍበት ፊት ይፈልጋል። ተዋንያን ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ተገትሮ የመዋል ትዕግስት የላቸውም፤ አንዱ ስልክ አለብኝ ይላል፣ ሌላዋ ራሴን አመመኝ ትላለች። ስለዚህ በእነሱ ፈንታ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። አንድ ቀን መርፌ ስትጣደፍ የወደቀባትን ቁልፍ ልታነሳ መድረኩ መሀል ጎንበስ ብላ ቀና ስትል፣ አንድ ደቂቃ ከመሰላሉ ላይ አያት። «አንቺ፣ እዚያው ቁሚልኝ፤ አንድ ደቂቃ ብቻ» አላት። ቆመች። ሃያ ስድስት ዓመት ቆመች።

ንግሥት ሆና ቆማለች፣ እስረኛ ሆና ቆማለች፣ ሬሳ ሆና ጣውላው ላይ ተጋድማለች። ፍቅረኛዋን የምትጠብቅ ኮረዳ ሆና መስኮት ሥር በቆመችበት ቀን የመንጋጋ ጥርሷ አብጦ ነበር። ትርኢቱ ሲጀምር ግን ብርሃኑን የሚሞቁት ሌሎች ናቸው። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ክር በጥርሷ ይዛ የተተረተረ ብብት ትሰፋለች። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የተዋንያኑ ጀርባና ሳይቆረጥ የቀረ ክር ብቻ ነው። «በእረፍት ቀንሽ እንኳ ገብተሽ አላየሽም?» ለሚላት መልሷ አንድ ነበር፤ «ዳቦ ጋጋሪ በእረፍት ቀኑ ምድጃ ሊሞቅ ይሄዳል?»

ፓውዛ ሥር የቆመ ሰውስ ምን ያያል? ምንም አያይም። ፊት ለፊት ነጭ ነገር አለ፤ ከነጩ ኋላ ጥቁር ነገር አለ። ዓይን ያነባል፣ ግንባር ያልበዋል፣ በቃ።

አንድ ደቂቃ ይህን አያውቅም ነበር። ሰው ፊት መቆም ሞቱ ነው። በምረቃ ትርኢት ማብቂያ ላይ ተዋንያኑ «ጋሽ አንድ ደቂቃ ይውጣልን!» ብለው ሲያጨበጭቡ፣ እሱ በጓሮ በር ወጥቶ አውቶቡስ ተራ ደርሷል። ዕድሜውን ሙሉ ከመብራቱ ኋላ ኖረ እንጂ አንዲት ጊዜ እንኳ ከፊቱ ቆሞ አያውቅም። ለዚህ ነው አንዱን ፓውዛ አስተካክሎ በጨረሰ ቁጥር ከላይ ሆኖ «እንዴት ነው? ያምራል?» እያለ የሚጠይቃት።

መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን ነግራዋለች። «እኔ ምን አውቄ!» አለችው። አልወደደችውም ማለት ነው ብሎ ሁለት ሰዓት ጨመረበት። ሌላ ቀን ደሟ ፈላና «አያምርም!» አለችው። ያኔ ጉድ ፈላ፤ የሰቀለውን ሁሉ አውርዶ ከሀ ጀመረ። በዚያ ቀን ልጇን ከትምህርት ቤት ሳታወጣ ቀረች። ስትደርስ ልጅቷ በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር ተቀምጣ፣ ዘበኛው ማባበል ሰልችቶት ጋዜጣውን ሲያነብላት አገኘቻቸው። ልጅቷ ሦስት ቀን አኮረፈቻት።

ከዚያ ወዲያ «ያምራል» ማለት ጀመረች። እሱም ቶሎ ከተባለ አይሠራም፤ ሰውዬው ይጠረጥራል። ስለዚህ ዘዴውን አጠናችው። አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች፣ ቅንድቧን ትሰበስባለች፣ በሆዷ እስከ አስር ትቆጥራለች። ከዚያ ቅር እንዳላት ሰው ትንሽ ተንፍሳ፣ «አሁን ያምራል» ትለዋለች። ከመሰላሉ የምታወርደው ያቺ «አሁን» ናት። በዚህች ቃል ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ ቤቷ ስትሄድ ኖራለች።

እንግዲህ ስልኩ ጮኸ። አንድ ደቂቃ ነው።

«መርፌ፣ ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጁልኝ ነው» አላት። «የአርባ ዓመት ሥራዬን። ‹ብርሃን እንደ ጥበብ› ብለውታል።»

«እንኳን ደስ አለህ። ምኑን ነው የሚያሳዩት?»

«ብርሃኑን ነዋ።»

«ብርሃን ብቻ? ግድግዳ ላይ?»

«ምን ግድግዳ ላይ! ግድግዳ ላይማ የማንም አምፖል ይበራል። የሚያርፍበት... ፊት ያስፈልጋል።»

መርፌ ሳታውቀው በግራ እጇ ጉልበቷን እያሸች ነበር።

«ለአንድ ደቂ...»

«እንዳትላት!» አለችው። «እንዳትላት ብያለሁ!»

በዚህ ብትዘጋው ጥሩ ነበር። ግን አልዘጋችም። ከጡረታ ወዲህ አንድ ነገር እንደ እሾህ ሲወጋት ቆይቷል። ጎረቤት ያለው ሁሉ «አንቺማ ታድለሽ፣ ስንቱን ጉድ አየሽ» ይላታል፤ እሷ ግን ያየችው ብብት ነው። ጉልበቷን የበላው ነገር ምን እንደሚመስል አለማወቋ አንጀቷን ያሳርራት ጀምሮ ነበር። እና እየተነጫነጨች እሺ አለችው፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀመጠች። መብራቱ እስኪስተካከል ትቆማለች። በመክፈቻው ቀን ግን ሌላ ሰው ይቆማል፣ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያለች።

«ምኑን ታያለሽ?» አላት ግራ ገብቶት። «ከማንም ቀድመሽ ስታዪ የኖርሽው አንቺ!»

ምላሷን ነከሰች። «ተቀምጬ ማለቴ ነው» አለችው።

የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ አዲስ ቀለም ይሸታል። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነዋል፤ ጨርቁን ያንጠለጠለው ሰው ጠርዙን ሳይቀመቅም ስለተወው መርፌ ሦስቱንም ቀን ዓይኗን ከዚያ ላይ መንቀል አልቻለችም። ወለሉ መሀል በነጭ ፕላስተር የመስቀል ምልክት ተደርጓል። ያ የእሷ ቦታ ነው። አስተባባሪዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ስትናገር እጇ የሚወራጭ ወጣት ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን የልብስ ሱቅ አሻንጉሊት አስመጥታ ምልክቱ ላይ አቆመች።

«እትዬ እንዳይደክሙ ብዬ ነው» አለች።

አንድ ደቂቃ ፓውዛውን አበራና አየው። «ይሄ ሬሳ ነው» አለ። «አይ፣ ሬሳስ ሰው ነበር። አንሱልኝ!»

መርፌ ቦርሳዋን ለአስተባባሪዋ አስይዛ ምልክቱ ላይ ቆመች። አምስት መብራት ነው የሚስተካከለው፤ የአምስት ቴአትር አምስት ብርሃን፣ በየተራ አንድ ሰው ላይ እንዲወርድ። አንድ ደቂቃ ስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው። መሰላል ላይ ሲወጣ አስተባባሪዋ የመሰላሉን እግር ይዛ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትጸልይ ይመስላል። እሱ ግን ነገረ ዓለሙን ረስቷል። ስስ ባለቀለም ላስቲክ ከፓውዛው አፍ ያወጣል፣ ሌላ ያስገባል፣ መልሶ የመጀመሪያውን ያስገባል።

«እንዴት ነው? ያምራል?»

አንገቷ በራሱ ጊዜ ዘንበል አለ። ቅንድቧም እንደዚያው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አስር። «አሁን ያምራል።»

በራሷ ተናደደች። አሁን እኮ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚጠብቃት ልጅ የለም። ልጇ ራሷ የሁለት ልጆች እናት ናት። ታዲያ ምን አስቸኮላት? ግን ቃሉ ከአፏ ከወጣ ወዲያ አንድ ደቂቃ ፊቱ በርቶ እየወረደ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አመሻሽ አምስቱም አለቀ። መሰላሉም ተወሰደ።

ቦርሳዋን ይዛ ልትወጣ ስትል ነው በሩ አጠገብ የተሰቀለውን ሰሌዳ ያየችው። በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። መነጽሯን አውጥታ አነበበች።

«ከአርባ ዓመት ሥራዬ ውስጥ ሃያ ስድስቱን በራሴ ዓይን ብቻ ያጸደቅኩት መብራት የለም። ዳኛዬ የልብስ ክፍሏ ባልደረባዬ ነበረች። እሷ ‹አሁን ያምራል› ሳትል ከመሰላል ወርጄ አላውቅም። ችኩል አልነበረችም። አስባ፣ አመዛዝና ነበር የምትፈርደው። ውበትን የሚያይ ዓይን እንደ እሷ ያለው ሰው አላጋጠመኝም።»

ከሥሩ ስሟ አለ። ቅጽል ስሟ አይደለም፤ ዋናው ስሟ ከነአባቷ ተጽፏል።

መርፌ ክው አለች። ከዚያ ቱግ አለች። ማን ጻፍ አለው? ማን ጠየቀው? ሰው እንዴት ያልተጠየቀውን ምስጋና ግድግዳ ላይ ይሰቅላል? መንገዱን ሙሉ ለራሷ እያወራች ሄደች። አንዲት የማታውቃት ሴት «ምን አሉኝ?» ብትላት «አንቺን አይደለም!» ብላት አለፈች።

ቤት ስትደርስ ለልጇ ሁሉንም ዘረገፈችላት፤ ሃያ ስድስት ዓመት የደበቀችውን ነገር ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ልጇ ሶፋው ላይ ተንከባላ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ሳቂ! ሳቂ እንጂ! ያን ቀን ከዘበኛ ጋር ጋዜጣ ያነበብሽው በምን የተነሳ መሰለሽ?»

«እማዬ፣ ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለች ልጇ ዓይኗን እየጠረገች። «ያምር ይሆናላ።»

«ባያምርስ?» አለች መርፌ። ድምጿ ያልጠበቀችውን ያህል ከፍ ብሎ ወጣ። «ሰውዬው ሃያ ስድስት ዓመቱን በእኔ እግር ሕመም ላይ ሠርቶት ከሆነስ? ‹ያምራል› ስል እያመነኝ ወረደ እኮ! አንድ ፓውዛ ተጣሞ ቢሆን ተጣሞ ቀረ ማለት ነው። ነገ ያ ሁሉ ሰው ያንን አንብቦ፣ ዞሮ ብርሃኑን አይቶ ‹ይሄን ነው ያምራል ያለችው?› ቢልስ?»

ልጇ ሳቋን አቆመች። መርፌ እራቷን ሳትነካ ተኛች።

በማግስቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። መርፌ ከልጇ ጋር የፊት ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ጋዜጠኛ ነኝ ያለ ሰው ሰሌዳውን አንብቦ እየተጣደፈ መጣና «ውበትን እንዴት ነው የሚለዩት?» አላት። «በሜትር» አለችው። ልጇ ክንዷን ቆነጠጠቻት።

አስተባባሪዋ በመርፌ ቦታ እንድትቆም ያመጣቻት የልብስ ማስታወቂያ የምትሠራ ቆንጆ ልጅ ናት። ቆንጆስ ቆንጆ ናት፤ ቁመቷ ግን የበር መቃን ይነካል። ጥቁሩ ጨርቅ ተጎተተ፣ የጣሪያው መብራት ጠፋ፣ የመጀመሪያው ፓውዛ በራ። ብርሃኑ የልጅቷን ደረትና አንገት አጥለቅልቆ አገጯ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከአገጯ በላይ ጨለማ ነው። መብራቱ ሦስት ቀን ሙሉ የተሰፋው በመርፌ ልክ ነበርና ለሌላ ሰው አልሆነም።

እንግዳው አጨበጨበ። ከኋላ ያለ አንድ ሰውዬ ለጎረቤቱ «ፊቷን የነፈጋት ሆን ብሎ ነው፤ ጥልቅ ነው» ሲል መርፌ ሰማችው። ዞራ በዓይኗ ወጋችው።

«ፊቷ የታለ?» አለ አንድ ደቂቃ ከጨለማው ውስጥ። «ጫማሽን አውልቂ፣ ልጄ!»

ልጅቷ አወለቀች። ብርሃኑ ከንፈሯ ላይ ደረሰ፤ ያው ነው። ዝቅ በይ ሲሏት ጠባቡ ቀሚስ አላስጎነብስ አላት። «መሰላል አምጡ!» አለ። የአዳራሹ ጥበቃ ራሱን ነቀነቀ። እንግዳ ባለበት መሰላል አይገባም፤ መመሪያ ነው። አንድ ደቂቃ ለመነው፣ ተቆጣው፣ እንደገና ለመነው። መመሪያው ንቅንቅ አላለም። እንግዶቹ ማጨብጨብ ትተው ማጉረምረም ጀመሩ።

አስተባባሪዋ በጨለማው እየዳበሰች መጣች። «እትዬ፣ ይቅርታ... አምስት ደቂቃ ብቻ ቢቆሙልን...»

መርፌ ወንበሯን በሁለት እጇ ጨበጠች። አንድ ደቂቃም ተከትሎ መጣና ጎንበስ አለባት። «መርፌ፣ እባክሽ። ፊትሽ ከሌለ ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው። ለአንድ...»

«አልነሳም» አለች።

ይህን ስትል ድምጿን ዝቅ ማድረግ ረስታለች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። መርፌ ፊቷ በእፍረት ሲግል ተሰማት፤ የሰውየውን የአርባ ዓመት ቀን እያበላሸችበት እንደሆነ ታውቃለች። ግን ተነስታ ዛሬም ምልክቱ ላይ ከቆመች ሳታየው እንደምትሞት እርግጠኛ ነበረች። «ቃል ገብተህልኛል» አለችው። «እኔም ልየው። አንዴ እንኳ ልየው።»

አንድ ደቂቃ ቀና ብሎ ቆመ። ወደ ምልክቱ አየ፣ በጓሮ በኩል ወዳለው በር አየ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ለአስተባባሪዋ ሰጣትና ራሱ ሄደ። ረጅሟን ልጅ በትከሻዋ ያዝ አድርጎ ገለል አደረጋት፤ ምልክቱ ላይ ቆመ። እሱም ከመርፌ በአንድ ራስ ይበልጣል። ጉልበቶቹን አጠፈ። እንደዚያ እንደታጠፈ፣ እንደ ወንበር፣ ሳይነቃነቅ ቆመ። ፊቱ ብርሃኑ ውስጥ ገባ።

ያኔ መርፌ አየች።

ሰውዬውን ታውቀዋለች። ጆሮው ላይ ፀጉር ያለበት፣ ሸሚዙን አንድ ቁልፍ ሳይዘጋ የሚመጣ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያሰለቻት ሰው ነው። ብርሃኑ ከግራ በኩል ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ ፀሐይ ሳትወጣ በፊት ያለውን ሰዓት ይመስላል። በቀኝ ጉንጩ ላይ አንድ ጣት የምታክል ጥላ አለች። በዚያች ጥላ የተነሳ ያ የምታውቀው ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ወሬ ሲጠብቅ የኖረ፣ ወሬው አሁን በር ላይ የደረሰለት ሰው ሆነ። ያምር ነበር። ሊሸሸግ በማይችል ሁኔታ ያምር ነበር፤ እሷም ደስ አላት፣ ደስታው ሳይውል ሳያድር ተናደደች። ይሄ ነው በላይዋ ላይ ሲፈስ የኖረው? እሷ እስከ አስር ስትቆጥር?

«መርፌ?» አለ አንድ ደቂቃ። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ያማትራል። «የት ሄድሽ?»

«ፊት ለፊትህ ነኝ።»

«አትታይኝም። ሰዉም አይታየኝም።» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እጁን አወረደ፣ መልሶ ጋረደ። «ከዚህ ሆኖ... ከዚህ ሆኖ ምንም አይታይም እንዴ?»

«ምንም» አለችው።

ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር፤ ብርሃኑ እንደሆነ ምንም አይሸሽግም። «ታዲያ... ሃያ ስድስት ዓመት ‹ያምራል› ስትይኝ የነበረው?»

መርፌ ሰሌዳው ወዳለበት ዞረች። የምትለው አንድ ሺህ ነገር ነበር። ልጇ እጇን ያዘቻት።

«እግሬን እያመመኝ ነበር» አለች።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ቆረጠው። የአንድ ደቂቃ የታጠፉ ጉልበቶች መንቀጥቀጥ ጀምረዋል፤ ቀና ቢል እኮ ጨለማው ውስጥ ገብቶ ከዚያ ሁሉ ዓይን ይገላገላል። ቀና አላለም። ምልክቱን አልለቀቀም። ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ወጣ።

«አሁንስ? አሁን እያየሽው አይደል... ያምራል?»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሆኖላታል። ግን አልተጣደፈችም። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ ወንበሯን ወደፊት ሳብ አደረገችና ተመቻችታ ተቀመጠች።

«አትንቀሳቀስ» አለችው። «ገና እያየሁ ነው።»